የማይታወቁ ደዋዮችን ዝም የሚያሰኘው የአይፎን አገልግሎት
አሜሪካ ውስጥ ከግብር መሥሪያ ቤት ወይም ከባንክ የመጣ መስሎ በተቀዳ ድምፅ የሚያስፈራራው ጥሪ በተለይ እንግሊዝኛ የማይቀናቸውን አረጋውያን ወላጆቻችንን ስለሚያስጨንቅ፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2019 ከአይኦኤስ 13 (የአይፎን ማስኬጃ ሶፍትዌር) ጋር ያቀረበውን፣ የማይታወቅን ቁጥር ስልኩ ሳይጮኽ ወደ ድምፅ መልእክት የሚመራውን ይህን አገልግሎት ከልቤ እመክራለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለው፣ የሽያጭ ጥሪ የማይፈልግ ሰው ቁጥሩን የሚያስመዘግብበት የአሜሪካ ብሔራዊ የ«አትደውሉልኝ» መዝገብ ነጻ ቢሆንም፣ ሕግ አክባሪ ነጋዴን እንጂ አጭበርባሪን አያስቆምም።

የአይፎኑ አገልግሎት ትልቁ ጉድለት የሐኪም ቤትንም ሆነ ከአዲስ አበባ በአዲስ ቁጥር የሚደውል ዘመድን ከአጭበርባሪው አለመለየቱ ነው፤ ስለዚህ ከማብራታችሁ በፊት የክሊኒኩን፣ የፋርማሲውንና የቤተሰቡን ቁጥሮች ሁሉ በስልካቸው ላይ መዝግቡላቸው። አጭበርባሪው የተመዘገበ ቁጥር አስመስሎ ከደወለም ጥሪው ያልፋል። «ባንክ ነን» የሚል መልእክት ከተቀመጠ ደግሞ፣ በተተወው ቁጥር ሳይሆን በባንክ ካርዱ ጀርባ በታተመው ይደውሉ።