የሳይሌጅ ማቅረቢያ ማሽን ልትገዙ ላሰባችሁ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። በረት ውስጥ ለሚቀለቡ ከብቶቻችን በፕላስቲክ የተጠቀለለ ሳይሌጅ (አየር እንዳያገኘው ታሽጎ የቆየ እርጥብ ሣር) የምናቀርብበትን ማሽን ያስመረጠን አንድ የእርሻ መሣሪያ ባለሙያ አለ። ሻጭ አይደለም። ያማክራል፣ ይገጥማል፣ ያሠለጥናል። እንዲህ ያለ ሰው አግኝቶ ዝም ማለት ነውር ነው።

ምክር የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን ነበር የሚያሞግሰው፤ አንዱ መኖ የሚያደባልቀውን ሚክሰር፣ ሌላው እየቆራረጠ የሚረጨውን። ይህ ወንድማችን ግን ስለ ማሽን ምንም ሳይናገር ሜትሩን አውጥቶ በረት ገባ። የመኖ መተላለፊያውን ስፋት፣ የበሩን ከፍታ፣ ትራክተር የሚዞርበትን ቦታ ለካ። ከዚያ ነው ጥያቄ የጀመረው፦ ትራክተሩ ስንት ኪሎ ያነሳል? ከብቶቹ ስንት ናቸው? ሣሩ ሲታሰር በቢላዋ ተቆርጧል ወይስ ረጅሙ እንዳለ ነው የተጠቀለለው?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቁም ነገር አላት። ያልተቆረጠ ረጅም ሣር ሚክሰር ውስጥ ሲገባ ለመበጣጠስ ጊዜም ነዳጅም ይበላል። ሚክሰር በደንብ የሚያዋጣው ደግሞ ፉርሽካው፣ እህሉና ማዕድኑ ከሣሩ ጋር አንድ ላይ ተደባልቆ መቅረብ ሲኖርበት ነው። እኛ ጋ ሳይሌጁ ለብቻው ነው የሚሰጠው። የሚረጨው ማሽን ፈጣን ነው፣ ለመኝታ የሚሆን ገለባም ይበትናል፤ ግን ጠንከር ያለ ትራክተር ይፈልጋል፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ በረት ውስጥም አቧራው ለሰውም ለከብትም አይመችም። ስለዚህ በሰንሰለት እያንከባለለ ጥቅሉን ተርትሮ በገንዳው ርዝመት የሚያሰልፈውን መረጠልን። ብዙ ጉልበት አይጠይቅም።

ስሌቱንም ቁጭ ብሎ አሳየን። 600 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ግማሹ ውሃ ቢሆን ደረቅ መኖው 300 ኪሎ ነው። አንዲት ላም በቀን 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች ብንል፣ ሌላ መኖ ካልተጨመረ ጥቅሉ ለ25 ላሞች የአንድ ቀን ቀለብ ነው። ላሞቹ አምስት ከሆኑ ግን አምስት ቀን ይቆያል፤ የተከፈተ ሳይሌጅ ደግሞ አየር ሲያገኘው ይሞቃል፣ ይሻግታል። ለዚህ ነው ጥቂት ከብት ላለው ሰው ትንንሽ ጥቅልና መንሽ ይበቃሃል ብሎ የሚመልሰው። ሥራ ሊቀርበት እንደሚችል እያወቀ እንዲህ የሚል ባለሙያ ስንቱ ነው?

ማሽኑ ሲገጠም አንድ ነገር አየሁ። ጥቅሉ ኋላ ላይ ሲነሳ የትራክተሩ የፊት ጎማ ይቀላል፣ መሪውም አይታዘዝም። ፊት ላይ ክብደት ካልተጨመረ አልነዳም፣ አላስነዳምም ብሎ ቆመ። እስኪጨመር ጠበቀ።

በጣም የማመሰግነው ግን ከብቶቹን የሚመግበውን ልጅ ላሠለጠነበት መንገድ ነው። ፕላስቲኩን ከላይ ሰንጥቆ፣ ሣሩ የታሰረበትን መረብ እያጠፈ ከጥቅሉ ሥር ጎትቶ እስከ መጨረሻው ሲያወጣ አሳየው። ከዚያ ልጁ ራሱ እንዲደግመው አደረገ፤ ቁራጭ ቀርቶ እንደሆነም አብረው ፈለጉ። ከብት ጨጓራ ውስጥ የገባ መረብ አይፈጭም፣ ተጠራቅሞ ይዘጋል። የሻገተውንና አፈር የነካውን ለይቶ እንዲጥልም አስጠነቀቀው፣ ሊስቴሪያ የሚባለው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚመጣው በእንዲህ ያለው ነውና። ማሽኑ ላይ የሆነ ነገር ከተያዘ ደግሞ ሞተር አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ሳይከት እጁን እንዳያስገባ ነገረው፤ ደጋግሞ ነገረው።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልኩን እሰጣለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የመተላለፊያውን ስፋት፣ የበሩን ከፍታ፣ የጥቅሉን ክብደትና የትራክተሩን የማንሳት አቅም ጽፋችሁ ያዙ። መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።