አብሮ የተሠራ ወይስ በሞጁል የሚገጣጠም ፒኤልሲ፦ ኤስ7-1200 እና ኤስ7-1500 ለገዢ ሲነጻጸሩ

ለአዲስ መስመር ወይም ለአሮጌ ማሽን እድሳት ፒኤልሲ (ማሽንን በፕሮግራም የሚቆጣጠር የኢንዱስትሪ ኮምፒውተር) ሲመረጥ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በፍጥነትና በሜሞሪ ዙሪያ ይሽከረከራል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቀው አንድ አውትፑት (ትእዛዝ ወደ ማሽኑ የሚወጣበት ነጥብ) የተቃጠለ ዕለት የሚለወጠው ዕቃ ምን እንደሆነ ነው። ለዚህ ጥያቄ ሁለቱ የሲመንስ ቤተሰቦች የሚሰጡት መልስ በጣም የተራራቀ ነው።

ከኤስ7-1200 ወገን በብዙ ፓነል ውስጥ የሚገኘው የመጀመሪያው ትውልድ ሲፒዩ (ፕሮግራሙን የሚያስኬደው ዋና ክፍል) 1214ሲ 14 ዲጂታል (በርቷል ወይም ጠፍቷል ብቻ የሚል) ኢንፑት፣ 10 ዲጂታል አውትፑትና 2 አናሎግ (ከፍና ዝቅ የሚል መጠን የሚያነብ) ኢንፑት በአንድ አካል ይዞ ይመጣል። በቀኙ እስከ 8 የሲግናል ሞጁል (ተጨማሪ ኢንፑትና አውትፑት የያዘ)፣ በግራው እስከ 3 የኮሙኒኬሽን ሞጁል ይቀበላል፤ እስከ 100 ኪሎ ኸርዝ የሚቆጥሩ ቆጣሪዎች ስላሉትም የኮንቬየር ኢንኮደር (እንቅስቃሴን በምት የሚለካ ሴንሰር) ለማንበብ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም። በኤስ7-1500 ግን፣ እንደ 1511ሲ ካሉት ጥቂት ሞዴሎች በስተቀር፣ ከሴንሰር የሚመጣ ሽቦ ሲፒዩው ላይ በቀጥታ አይታሰርም፤ ሁሉም በሞጁል ነው፣ ለኢንኮደሩም የቆጣሪ ሞጁል ለብቻው ይገዛል። በአንጻሩ ሲፒዩውን ጨምሮ በአንድ ሬይል ላይ እስከ 32 ሞጁል መደርደር ይቻላል።

ገዢን በብዛት የሚያታልለው አናሎጉ ነው። የ1214ሲ ሁለቱ አናሎግ ኢንፑቶች የሚያነቡት ከ0 እስከ 10 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ የግፊትና የደረጃ ትራንስሚተሮች (መጠኑን ለክተው በኤሌክትሪክ ሲግናል የሚልኩ መሣሪያዎች) በአብዛኛው የሚልኩት ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ነው። በ500 ኦም ሬዚስተር ወደ ቮልት መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ሬዚስተሩ በፓነሉ ሥዕል ላይ ሳይገባ ስለሚቀር በኋላ የሚመጣውን ቴክኒሻን ሲያደናግር አይቻለሁና የአናሎግ ሞጁሉን ዋጋ ከመጀመሪያው ማስገባቱን እመርጣለሁ።

አንድ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ የፓምፕ ኮንታክተር (ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋ ትልቅ ማብሪያ) በ1214ሲ የሪሌይ አውትፑት ላይ መሃል ሪሌይ ሳይገባበት በቀጥታ ታስሮ ነበር። በ1214ሲው ውስጥ ያለው የሪሌይ ኮንታክት ተጣበቀ፤ የአውትፑቱ መብራት ጠፍቶ ሳለ ፓምፑ መዞሩን ቀጠለ። ትርፍ አውትፑት ስላልነበረ ሙሉው ሲፒዩ መለወጥ ነበረበት፤ ፕሮግራሙ በይለፍ ቃል የተቆለፈ፣ ቅጂውም ከማሽኑ ሻጭ ጋር የቀረ በመሆኑ ማሽኑ የቆመው ከዕቃው ይልቅ በፕሮግራሙ ምክንያት ነበር። በኤስ7-1500 ቢሆን ኖሮ ፓነሉ ጠፍቶ፣ ኮኔክተሩ ከነሽቦው ተነቅሎ አንድ የአውትፑት ሞጁል ይለወጥ ነበር፤ ሲፒዩውን የሚነካው አይኖርም።

«ፓነሉ ጠፍቶ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ሞጁላር የሆነ ሁሉ መብራት ሳይቋረጥ የሚነቀል የሚመስላቸው አሉ፤ በተለመደው የኤስ7-1500 ሬይል ላይ ግን ይህ አይፈቀድም። የሮክዌል ፒኤልሲ የሆነው ኮንትሮል ሎጂክስ ይፈቅዳል፤ ከሲመንስም ከፒኤልሲው ጋር በኔትወርክ የሚገናኙት የኢቲ 200ኤስፒ የኢንፑትና አውትፑት ሞጁሎች ይፈቅዳሉ።

ፕሮፎርማ ሲነጻጸር የሞጁላሩ ዋጋ ሙሉ መሆኑ ይታይ። ኤስ7-1500 ያለ ሜሞሪ ካርድ አይሠራም፣ ካርዱም ለብቻው ይታዘዛል፤ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ሞጁሎች ሽቦ ከሚታሰርበት ፍሮንት ኮኔክተራቸው ጋር ሲመጡ ለ35 ሚሊ ሜትሮቹ ኮኔክተሩ ተለይቶ ይገዛል። ከፕሮግራም መጻፊያው ሶፍትዌር ስቴፕ 7 ቤዚክ ለኤስ7-1200 ሲበቃ ኤስ7-1500 ፕሮፌሽናሉን ይጠይቃል። ከእነዚህ አንዱ ተረስቶ ዕቃው ከውጭ ከገባ፣ ለአንድ ኮኔክተር ሲባል ሌላ የግዢ ዙር መጠበቅ ሊመጣ ነው።

እንግዲህ የኢንፑትና የአውትፑት ነጥቦቹ ተቆጥረው፣ 20 በመቶ ትርፍ ተጨምሮ፣ ከ40 የማይበልጡ ከሆነና ማሽኑ አንድ ብቻ ከሆነ ለሞጁላር የሚከፈለው ገንዘብ አይታየኝም። ብዙ ትራንስሚተርና ኢንቨርተር (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ላለበት፣ ወደፊትም ለሚሰፋ መስመር ኤስ7-1500 ይሻላል። መሃል ላይ ላለ ሰው 1214ሲ በፕሮፊኔት (የኢንዱስትሪ ኔትወርክ) እስከ 16 መሣሪያ ስለሚያስተዳድር ኢቲ 200ኤስፒን ከእሱ ጋር ማገናኘት ጥሩ መንገድ ነው። በጀቱ መለዋወጫ ለሌለው አንድ ኤስ7-1500 ብቻ የሚበቃ ከሆነና ሥራው ለ1214ሲ የማይከብደው ከሆነ ግን ሁለት 1214ሲ ገዝቼ አንዱን፣ የፈርምዌሩን (የሲፒዩው የውስጥ ሶፍትዌር) ቁጥር አመሳክሬ፣ ከፕሮግራሙ ቅጂ ጋር መጋዘን አስቀምጣለሁ።