አይዲ ፎር እንደ አሮጌው ቮልስ ዕድሜ ይኖረው ይሆን?

የጎረቤቴን አይዲ ፎር፣ ማለትም የቮልስዋገንን የኤሌክትሪክ መኪና፣ ተውሼ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በነዳሁበት ቀን ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝ የዳገት አቅሙ ነው፤ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአየሩ መሳሳት ምክንያት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ሲያጣ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ለቃጠሎ አየር ስለማያስፈልገው ኃይሉ አይቀንስም። መቀመጫውም ምቹ ነው።

ሆኖም ከ50 ዓመት በኋላ እንደ ቮልስ በፍቅር ተጠብቆ ይቆያል ለማለት እቸገራለሁ። ምርቱ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የተቋረጠው ቮልስ ዛሬም የሚንቀሳቀሰው፣ ካንዴላውን መለወጥም ሆነ ካርቡሬተሩን ፈትቶ ማጽዳት ማንኛውም ጎበዝ መካኒክ የሚችለው ሥራ በመሆኑ ነው፤ ሞተሩ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር እንኳ የለውም፤ ይህን ቀላልነቱን ከልብ አደንቃለሁ። በአይዲ ፎር ግን የአየር ማቀዝቀዣው ሳይቀር የሚታዘዘው በስክሪን ሲሆን፣ ባትሪውም በዕድሜ ብዛት አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ባትሪው ለየብቻ በሚወጡ ክፍሎች (ሞጁሎች) የተከፋፈለ ስለሆነ የተጎዳውን ብቻ ለይቶ መቀየር ይቻላል፤ ተስፋዬም ይህን ሙያ የሚያውቁ ጋራዦች በከተማችን ሲበራከቱ ማየት ነው። ለዕለት ሥራ የሚፈልገው ሰው ግን ያለ ማመንታት ይግዛው።