«አዲሱ ገና አይወጣም» ለሚላችሁ ሻጭ ገንዘብ አትቁጠሩ

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጩ «አዲሱ ሞዴል ገና ነው፣ ዘንድሮ አይወጣም» ካላችሁ፣ እባካችሁ ቆም በሉ። ቢያንስ ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ገንዘባችሁን አታውጡ።

እኔ ቆም አላልኩም። ብዙ ወር ያጠራቀምኩትን ይዤ ሄድኩ። የፈለግኩት ሞዴል ገበያ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ይህን አውቅ ስለነበር ጠየቅኩ። «የሚተካው መቼ ይመጣል?» አልኩት። ሻጩ ለአፍታም አላመነታም። «ገና ዓመት ይፈጃል። ከሚያውቁ ሰዎች ነው የሰማሁት። ደግሞ የቀረችን ይቺ አንዷ ናት» አለኝ። ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ወጣሁ።

በ19ኛው ቀን አዲሱ ይፋ ሆነ። ዋጋው ያው ነው። ራሙ (ኮምፒውተሩ የያዘውን ሥራ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ማስታወሻ) እጥፍ ሆኗል። መመለሻ ጊዜው 14 ቀን ስለነበር አልፏል። ደወልኩላቸው። «እኛ እኮ ግምታችንን ነው የነገርንዎት» አሉኝ። ገንዘቤን ሲቀበሉ ግን «ግምት ነው» ያለኝ አልነበረም። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው።

የሻጩንም የኮምፒውተሩንም ስም ልተወው። እሱን ብትሸሹ ሌላው ጋ ያንኑ ቃል ትሰማላችሁ። እኔ የማስጠነቅቃችሁ ከቃሉ ነው። የአዲስ ሞዴል መውጫ ቀን ነግሮ ገንዘብ የሚቀበላችሁ ሰው፣ እየሸጠላችሁ ያለው የማያውቀውን ነገር ነው።

ለምን አያውቅም? ነገሩ ወዲህ ነው። ኮምፒውተር ሠሪዎች ቀኑን የሚደብቁት በምክንያት ነው። አዲስ ሊመጣ መሆኑ ከተሰማ ያለውን የሚገዛ ይጠፋል። ኦስቦርን የሚባል ኩባንያ ነበር። በ1981 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በእጅ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ኮምፒውተር አውጥቶ በደንብ ተሸጠለት። በ1983 ግን ከሰረ። ገና ስላልደረሰ ሞዴል ቀድሞ ማውራቱ የነበረውን ሽያጭ ገደለበት እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። ለውድቀቱ ሌላም ምክንያት የሚያነሱ አሉ። ያም ሆኖ ሠሪዎቹ ከዚያ ወዲህ አፋቸውን መዝጋት ተምረዋል። ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ የሚሸጥላችሁ ሰው ከእናንተ የተለየ የሚደርሰው መረጃ የለም።

ግምት እንዴት እንደሚያሳስት ለማሳየት የአፕልን ዴስክቶፖች ልውሰድ። መቼ ይታደሳሉ ተብሎ ብዙ የተወራላቸው እነሱ ናቸው። መቼ እንደታደሱም ቀኑ ይታወቃል።

ስክሪን የሌለውን ትንሹን የአፕል ዴስክቶፕ፣ ማክ ሚኒን እንይ። በኦክቶበር 2014 አዲስ ሞዴል ወጣለት። መነሻ ዋጋው 499 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ የምታገኙት 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ነው። ራሙ ደግሞ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። በ2012ቱ ሞዴል ሰው ራሱ ከፍቶ ራም ይቀይር ነበር፤ በዚህኛው ያ ቀረ። የገዛችሁት 4 ከሆነ በ4 ትኖራላችሁ።

ከዚያ ግምቱ ጀመረ። አፕል በየዓመቱ ጁን ላይ የሶፍትዌር ሠሪዎች ጉባኤ አለው። በመከር ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳዲስ ምርት ያሳያል። ጁን በደረሰ ቁጥር «አሁን ነው» ይባላል። ኦክቶበር ሲደርስም «አሁን ነው» ይባላል። 2015 አለፈ። 2016 አለፈ። በ2017 አንድ ደንበኛ ለያኔው የአፕል አለቃ ለቲም ኩክ ኢሜይል ጻፈለት። ኩክ የመለሰው ማክ ሚኒ ወደፊትም ቦታ እንዳለው፣ ዝርዝሩን ለመናገር ግን ጊዜው እንዳልሆነ ነበር። አዲሱ የታየው ኦክቶበር 30 ቀን 2018 ነው። አራት ዓመት ሙሉ!

እነዚህን አራት ዓመታት ከሁለቱም በኩል አስቧቸው። በ2015 «በቅርቡ ይመጣል» ብሎ የጠበቀ ሰው ሦስት ዓመት ያለ ኮምፒውተር ቀረ። በሴፕቴምበር 2018 «ከአሁን በኋላማ አይመጣም» ብሎ የገዛ ሰው ደግሞ የአራት ዓመት እቃ ይዞ ቤቱ ገባ፤ በወሩ አዲሱ መጣ። ሁለቱም ያመኑት ግምት ነው፤ ሁለቱም ተጎዱ።

የሁለተኛው ግን ይብሳል። ምክንያቱም ያረጀ ኮምፒውተር በሠሪው ዘንድ ዋጋው አብሮት አያረጅም። በመጨረሻው ወር የገዛው ሰው የከፈለው በመጀመሪያው ወር የገዛው የከፈለውን ነው። ስልክ ላይ የለመድነው ሌላ ነው። አዲሱ ሲመጣ የአምናው ይረክሳል፣ አዲሱም በየዓመቱ በአንድ ወቅት ይመጣል። ዴስክቶፕ እንዲህ ያለ ልማድ የለውም።

ለከባድ ሥራ የተሠራው የአፕል ዴስክቶፕ፣ ማክ ፕሮ፣ ደግሞ የባሰ ነው። በ2013 መጨረሻ ጥቁር ሲሊንደር ሆኖ ወጣ። መነሻው 2,999 ዶላር። መሐሉ ላይ ሦስት ጎን ያለው የብረት ማቀዝቀዣ ነበረው፤ ዙሪያውን ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሠራው ዋናው ቺፕ) እና ሁለት ግራፊክስ ካርዶች (ምስል የሚያቀናብሩ ክፍሎች) ተለጥፈውበታል። ሙቀቱን ወደ ላይ የሚያወጣው አንድ ማራገቢያ ነው። ሲያዩት ያምራል። ችግሩ፣ ገበያው ከሁለት መካከለኛ ካርድ ይልቅ ወደ አንድ ትልቅና በጣም ወደሚሞቅ ካርድ ሄደ። ያ ሲሊንደር እንዲያ ያለውን ሙቀት መሸከም አልቻለም። በኤፕሪል 2017 የአፕል ኃላፊዎች ጥቂት ጋዜጠኞችን ጠርተው ዲዛይኑ በሙቀት ጉዳይ መውጫ እንዳሳጣቸው፣ አዲሱም በዚያ ዓመት እንደማይደርስ አመኑ። የመጣው በዲሴምበር 2019 ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ የተደረገለት ነገር ቢኖር በ2017 በያኔው ዋጋ ሻል ያለ ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ መስጠት ነበር።

ይህን ሙቀት ማን ገምቶ ነበር? ሰው የሚቆጥረው ወር ነው። ሞዴሉን የያዘው ግን የወር ነገር አልነበረም፤ ማቀዝቀዣው ነበር። ኮምፒውተር የሚዘገየው ቺፑ ሳይደርስ ሲቀር ነው፣ ሙቀቱ አልቻል ሲል ነው፣ ወይ ድርጅቱ ሐሳቡን ሲቀይር ነው። ከእነዚህ አንዱም ሻጩ ጆሮ አይደርስም።

በቺፕ ቁጥር እንገምታለን የሚሉም አሉ። አፕል ለራሱ ኮምፒውተሮች የሚያወጣቸው ቺፖች «ኤም» የሚል ስምና ቁጥር አላቸው፤ ከኤም1 በኋላ ኤም2፣ ከዚያ ኤም3፣ ቀላል ይመስላል። ስክሪኑ አብሮት የተሠራው አይማክ በ2021 በኤም1 ወጣ። ኤም2ን ግን ዘለለው። በኦክቶበር 2023 ቀጥታ ኤም3 ይዞ መጣ። ማክ ስቱዲዮ የሚባለው ዴስክቶፕ ደግሞ በማርች 2025 ሲታደስ አንዱ አማራጭ ኤም4 ማክስ፣ ከሱ የሚበልጠው አማራጭ ደግሞ ኤም3 አልትራ ሆነ። ትልቁ ማሽን በቁጥር ያነሰ ቺፕ ያዘ ማለት ነው። ይህን በቁጥር ቆጥሮ ያገኘው ሰው ቢኖር ይገርመኛል።

አሁን ገንዘቡ ምን ያህል እንደሆነ ላሳያችሁ። ኦክቶበር 28 ቀን 2024 ኤም2 ማክ ሚኒ በ599 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ራሙ 8 ጊጋባይት። ራሙን 16 ለማድረግ 200 ዶላር ይጨመራል፤ 799 ገባ ማለት ነው። በማግስቱ ኤም4 ማክ ሚኒ ይፋ ሆነ። መነሻ ዋጋው 599 ነበር፤ ራሙ ከመነሻው 16። በአንድ ቀን ልዩነት 200 ዶላር፣ ያውም ለቀርፋፋው ማሽን። እኔን የገጠመኝ ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ ለዚህ ነው ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የሚያመኝ።

ዋጋው ግን ግማሹ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የማያየው ሌላው ግማሽ ሶፍትዌር ነው። ኮምፒውተሩ ስንት ዓመት አዲስ ስርዓተ ክወና (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር) እንደሚቀበል የሚወሰነው በሞዴሉ ነው። እናንተ መቼ እንደገዛችሁት ማንም አይጠይቅም። ያንን ሲሊንደር ማክ ፕሮ በ2019 አጋማሽ አዲስ የገዛ ሰው ነበር። በኦክቶበር 2022 የወጣው የማኮች ስርዓተ ክወና፣ ማክ ኦኤስ ቬንቱራ፣ አልተቀበለውም። ሦስት ዓመት ከምናምን ብቻ! የ2014ቱም ማክ ሚኒ በዚያው ቀን ቀረ።

እንደዚሁ በ2018 የወጣው፣ ኢንቴል የሚባል ሌላ ኩባንያ ቺፕ ያለበት ማክ ሚኒ እስከ ጃንዋሪ 2023 ሲሸጥ ቆየ፤ በመጨረሻ መነሻው 1,099 ዶላር ነበር። አፕል ከኢንቴል እንደሚወጣ ያስታወቀው በጁን 2020 መሆኑን ልብ በሉ። በ2025 የወጣው ማክ ኦኤስ ታሆ ያንን ሚኒ አያውቀውም። በሽያጩ መጨረሻ የገዛው ሰው ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላውም። ታሆ ራሱ ለኢንቴል ማኮች በሙሉ የመጨረሻው እንደሆነ አፕል ተናግሯል። ስለዚህ ዛሬ ማንም ሰው የኢንቴል ማክ «ፓክድ ነው፣ ካርቶኑ አልተከፈተም» ብሎ በአዲስ ዋጋ ቢያቀርብላችሁ እሺ አትበሉ። ካርቶኑ አለመከፈቱ ዕድሜውን አይመልሰውም።

የ«ፓክድ» ነገር ከተነሳ አይቀር፣ ሻጮች ሁለት ዓመቶችን አውቀው ያምታታሉ። አንዱ ኮምፒውተሩ የተሸጠበት ዓመት ነው፤ ሌላው ሞዴሉ የወጣበት። «የ2022 ነው» ሲሏችሁ «የተሸጠበት ነው ወይስ የሞዴሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማክ ከሆነ አስበሩትና ከላይ በግራ ያለችውን የፖም ምልክት ነክታችሁ የመጀመሪያውን መስመር ክፈቱ፤ የሞዴሉ ዓመት እዚያው ተጽፏል። የታሸገውን አልከፍትም ካለ ካርቶኑ ላይ የሞዴል ቁጥር አለ። ቁጥሩን ያዙና ቤታችሁ ሄዳችሁ ፈልጉት። ይህን ከከለከላችሁ ጥላችሁ ውጡ።

ሌላኛውን ወጥመድ ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይለቀኝም። ይኼኛው የተገላቢጦሽ ነው። «አዲሱ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፣ ቀብድ ክፈልና ስምህን ልመዝግብ» የሚሉ አሉ። ሠሪው ያላስታወቀውን እቃ ነው! አንድ ወዳጄ እንዲህ ብሎ ቀብድ ከፈለ። የተባለው ወር መጣ፣ ሄደ። «ተራዝሟል» አሉት። ያልተቀጠረ ነገር እንዴት ይራዘማል? ገንዘቡን ሲጠይቅ «ቀብድ አይመለስም» አሉት፤ በእሱ ምትክ የነበረውን አሮጌ ሞዴል ውሰድ አሉት። ቢጨንቀው ወሰደ። ላልታወጀ ኮምፒውተር ቀብድ የሚባል ነገር የለም። ዋጋው ያልታወቀ፣ ስሙ ያልታወቀ፣ መኖሩ ራሱ ያልታወቀ እቃ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። መቼ እንደሚታደስ መጠየቅ ትቼ፣ «ይህ ሞዴል ስንት ወር ሆነው?» እላለሁ። ይኼ ግምት አይደለም፤ የወጣበት ቀን ተመዝግቧል። ዓመት ያልሞላው ከሆነና ዋጋው ከተስማማኝ በሰላም እገዛለሁ። ዓመት ተኩል ከዘለለ በሙሉ ዋጋ አልነካውም። ሥራዬ አሁኑኑ የሚፈልገው ከሆነ ደግሞ ያንኑ ሞዴል ከታማኝ ሰው ያገለገለ፣ ወይም ሠሪው ራሱ አድሶ የሚሸጠውን ባነሰ ዋጋ እፈልጋለሁ። ነገ አዲሱ ቢወጣም ያን ያህል አልጎዳም። መጠበቅን ለሁሉም ሰው አልመክርም። ለአራት ዓመት የጠበቁትን አይተናል። ሥራ ያለው ሰው ይሥራ። ሙሉ ዋጋ ግን ለአሮጌ እቃ አይከፈልም።

ሻጩ «አይወጣም» ብሎ ከማለላችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። «እሺ፣ ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ። በሁለት ወር ውስጥ አዲሱ ከወጣ ልዩነቱን ትመልስልኛለህ» በሉት። እርግጠኛ የሆነ ሰው ይጽፋል። እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ቦታ ሞክሬዋለሁ። አንደኛው ሳቀ፤ ሁለተኛው ዋጋውን ቀነሰ።

ሰሞኑን የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ቀን ቁጠሩ። አፕል በራሱ ሽያጭ የሚሰጠው የመመለሻ ጊዜ 14 ቀን ነው። ሌሎች ሻጮች የየራሳቸው አላቸው፤ ደረሰኙ ላይ አንብቡት። ካርቶኑን አትጣሉ፤ የውስጥ ማሸጊያውንም፣ የገመዱን መጠቅለያ ወረቀትም አስቀምጡ። የመጨረሻውን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ከዚያ በፊት አዲሱ ይፋ ከሆነ በዚያው ቀን እቃውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ አትከራከሩ። እኔ ካርቶኑን በሦስተኛው ቀን ነው የጣልኩት።