ድሬዎች፣ ባጃጅ ስትገዙ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በስማችሁ ሳይዞር ብር እንዳታስረክቡ

ፊደል ብገድፍ ይቅርታ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከፍርድ ቤት ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም።

ሻጩን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ደላላው ከዚራ ዛፍ ሥር ያገናኛችኋል፣ በርጫ ላይ ዋጋ ይቆረጣል፣ «ስሙን ቀስ ብለን እናዞረዋለን፣ አሁን ግብር ይበላናል» ትባላላችሁ። ባጃጇን በ300 ሺህ ብር ገዛኋት። 120 ሺውን በባንክ፣ ቀሪውን በእጁ ቆጥሬ። ውሉ የደብተር ወረቀት፣ ምስክሩ ራሱ ደላላው፣ ያውም ብቻውን። እንዲህ ነኝ እኔ! ሰባት ወር ነዳኋት። ወንበሯን ቀፊራ ወስጄ ቀይ አለበስኳት።

ሻጩ ለካ ዕዳ እንዲከፍል ተፈርዶበት አፈጻጸም ተከፍቶበታል፣ ማለት ንብረቱ ተይዞ ተሸጦ ዕዳው እንዲከፈል። ሳቢያን ላይ ተሳፋሪ ሳወርድ ፖሊስና የፍርድ ቤት ሰው መጥተው ቁልፉን ተቀበሉኝ፤ ሊብሬው በእሱ ስም ነዋ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ደግሞ ውሌን በሁለት ጣቷ አንስታ «ይሄ የልጅህ የቤት ሥራ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ።

በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 418 ተቃውሞ አስገባሁ። ዕዳው የሌላ ሰው ሆኖ ያንተ ንብረት ሲያዝ የሚኬደው በዚህ ነው። በተያዘበት ቀን መብት ወይም ይዞታ እንደነበረህ ታስረዳለህ፤ በእጄ ነበር ካልክም ለራስህ ነው ወይስ ለሌላ ሰው የያዝከው ይባላል። ይሄ ምን ያስፈራል ብዬ ገባሁ። ሻጩ ራሱ ይመሰክርልኛል። ጠዋት በር ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አይዞህ አቦ» ብሎኛላ።

ዳኛው ጠየቁት። ተነሳ፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ ወደኔ ዞር እንኳ አላለም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ባጃጇ የኔ ናት። ይሄ ልጅ ሹፌሬ ነው፣ የቀን ገቢ ነው የሚያስገባልኝ።»

በባንክ የገባው 120 ሺህስ?

«አበድሬው የመለሰልኝ ነው።»

ሹፌሬ! ምራቄ ደረቀ። ጠበቃዬ ጠጋ ብሎ «ሌላ ምስክር የለህም?» አለኝ። ደላላው ስልኩን ከዘጋ ሳምንቱ። ሻጩ ምን ቸገረው፣ በኔ ባጃጅ የሱ ዕዳ ይከፈልለታል። ተቃውሞዬ ውድቅ ሆነ። «ለብቻው ክስ መመሥረት ትችላለህ» ይለኛል ጠበቃው። በየትኛው ብር?

እባካችሁ፣ ውሉን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ፈርሙ። መንገድ ትራንስፖርት ገብታችሁም ዕገዳ እንዳለበት ጠይቁ፣ ብሩን ሁሉ በባንክ አስገቡና ምክንያቱን «የባጃጅ ግዢ» ብላችሁ አስጽፉ።

ለጨረታ ስትወጣ የምትገዙ ካላችሁ ደግሞ፣ ቀይ ወንበር ያላት እሷ ናት። የፊት ጎማዋ አዲስ ነው፣ በተያዘች ሳምንት ነው የቀየርኩት።