ከፖሊስነት ወደ ዴሊቨሪ፦ የመሃል አዲስ አበባ የሞተር ጥቅል ሥራ ሲመዘን

ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ስታዲየም፣ ካዛንቺስና ሜክሲኮ አካባቢ የሞተር ዴሊቨሪ ድርጅቶች የሚያቀርቡት ሥራ ከሳጥኑ ቀለም በቀር እርስ በርሱ በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ እዚህ የሚመዘነው አንድ ድርጅት ሳይሆን ሥራው ራሱ ነው፦ ውሉ፣ ሞተሩ፣ ሳጥኑ፣ ርክክቡ፣ የብር አሰባሰቡ። የሚመዘነውም ከፖሊስ ለቆ ወደዚህ ሊገባ ባሰበ ሰው ዓይን ነው። ፍርዱን አስቀድሞ ለመናገር፣ ሥራው ለፖሊስ ይሆናል፤ በብዛት የሚቀርበው ውል ግን አይሆንም። ከፖሊስ ቤት የመጣ ሰው ዕቃ በሥርዓት መረከብና ማስረከብ ያውቅበታል፤ በዴሊቨሪ ደግሞ ትርፍና ኪሳራው የሚለየው በፍጥነት ሳይሆን እዚያው ርክክቡ ላይ ነው።

ከውሉ እንጀምር። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ቅጥር ነው። ይህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚገዛ ሲሆን የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አያልፍም፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው፣ የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፣ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ይጠየቃል። ለጡረታ ከሠራተኛው ደመወዝ 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ከመቶ ይጨምራል። ሁለተኛው በጥቅል ቁጥር የሚከፈልበት የኮሚሽን ውል ነው። እዚህ ሞተረኛው ተቀጣሪ አይባልም፤ ጡረታ የሚከፍልለት የለም፣ ቢወድቅም የሚያሳክመው ራሱ ነው።

ለሌላ ወጣት ልዩነቱ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለፖሊስ ግን ከዚያ ይሰፋል። በመንግሥት ያገለገለበት ዘመን በግል ድርጅት ቅጥር ከሚያገለግለው ጋር ተደምሮ ይታሰባል፤ በጡረታ መውጫ ዕድሜ የዘለቄታ አበል፣ ማለትም በየወሩ የሚከፈል ጡረታ፣ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። ስምንት ዓመት አገልግሎ የለቀቀ ሰው ቅጥር ከያዘ ሁለት ዓመት ብቻ ቀረው ማለት ነው። በኮሚሽን ውል ከገባ ቆጠራው ስምንት ላይ ይቆማል። ቅጥር የሚሰጡት ድርጅቶች ወርሃዊ ክፍያቸው ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ይህን አስቦ ያሰላ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እነሱን ይመርጣል፣ እኔም የምመክረው እነሱን ነው።

የሚጠየቀው ወረቀት ከባድ አይደለም። መልቀቂያ፣ የሥራ ልምድ፣ የንብረት ክሊራንስ፣ የፋይዳ መታወቂያና የሞተር መንጃ ፈቃድ ነው። የመኪና መንጃ ፈቃድ ለሞተር አያገለግልም፤ ይህን ዘንግተው ምዝገባ ላይ የሚመለሱ አሉ። የአገልግሎት ግዴታውን ሳይጨርስ፣ ክሊራንሱን ሳይዝ ሥራ የሚጀምር ሰው ኋላ ልምዱንም ጡረታውንም ማያያዝ ይቸግረዋል። የደንብ ልብስ፣ ሬዲዮና መታወቂያ ተመልሶ ማኅተም እስኪመታ ድረስ የዴሊቨሪ ጃኬት አለመልበስ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ዋስ ነው። ድርጅቶቹ የሚያጓጉዙት የሰው ዕቃና የሰው ብር ስለሆነ ደመወዝተኛ ዋስ ይጠይቃሉ፤ ለፖሊስ ቅርብ የሚሆነው ደግሞ አሁንም በሥራ ላይ ያለ ባልደረባው ነው። ቅጹ ላይ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ቃል ብቻ ሰፍሮ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ መፈረም አይገባም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክ ያልተገለጸበት የዋስትና ውል እንደማይጸና ይደነግጋል። እንዲህ ያለ ቅጽ ፍርድ ቤት ላይ ባይቆምም ባልደረባውን እስከዚያ ድረስ ያመላልሰዋል። ልኩን ያስጽፉ፣ የሚያበቃበትን ቀንም ያስጽፉ፣ ሥራ ሲለቁም የዋስትናውን ወረቀት በእጅ ይረከቡ።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2011 ጀምሮ በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ያለ ልዩ ፈቃድ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ የራስን ሞተር ይዞ መምጣት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ዋናው ጥያቄ ድርጅቱ ለዚያ ሰሌዳ ፈቃድ አውጥቷል ወይ የሚለው ነው። ፈቃዱን ራሱን፣ በላዩ ያለውን የሰሌዳ ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን ማየት ያስፈልጋል። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ከተሰጠ ሞተሩ ሲያዝ የሚቆመው ሞተረኛው ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ቢሆንም የሚሸፍነው የተገጨውን ሰው እንጂ አሽከርካሪውን እንዳልሆነም አይዘንጋ።

ባለ 100 ሲሲ ሞተር ለመሃል ከተማ ይበቃል የሚባለው በከፊል ብቻ ልክ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነች፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ከለገሃር ቸርችል ጎዳናን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሙሉ ሳጥን ጭኖ ሲወጣ ይህ በግልጽ ይታያል፤ ሦስተኛ ማርሽ ይንገዳገዳል፣ ሁለተኛ ደግሞ ይጮኻል። ባለ 150 ይሻላል። የኤሌክትሪኩ ለዳገት ጉልበት አያንሰውም፤ ችግሩ ሻጩ በአንድ ቻርጅ ይሄዳል ብሎ የሚነግረው ኪሎ ሜትር በሜዳና ያለ ጭነት የተለካ መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ፒያሳና ለገሃር ለሚመላለስ ሰው ከተባለው ሢሶውን ቀንሶ ማቀድ ይበጃል።

ከሁሉ ቶሎ የሚያልቁት ካቴናና የኋላ ፍሬን ሸራ ናቸው። ምክንያቱ ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ በኋላ ፍሬን ብቻ መውረድ ነው፤ ማርሽ አውርዶ በሁለቱም ፍሬን መጠቀም ሸራውን ያቆየዋል። ካቴናው መሃሉ ላይ በጣት ሲነሣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቢላላ ልክ ነው። ከዚያ ከጠበቀ ይበጠሳል፣ ከላላ ይወልቃል። ዘይት በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ ቢቀየር አይበዛም፤ በትራፊክ መሃል ቆሞ የሚሠራ ሞተር ኪሎ ሜትሩ ሳይቆጥር ዘይቱ ይደክማል።

ሳጥኑን ብዙዎች ከመቀመጫው ኋላ፣ ከጎማው መሃል አልፎ ያስሩታል። ያኔ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይሸሻል። በብሎን ታስሮ በተቻለ መጠን ወደ አሽከርካሪው ጀርባ መጠጋት አለበት፤ ከባዱ ዕቃ ከሥርና ወደ ፊት፣ ቀላሉ ከላይ። ከሥሩ ሁለት ጣት ውፍረት ያለው ስፖንጅ ቢነጠፍ ለኬክም ለስልክም ይሆናል። የኬክ ካርቶን ሳጥኑ ውስጥ ቦታ ካተረፈ በፍሬን ጊዜ ተንሸራትቶ ግድግዳውን ይመታል፣ ክሬሙም እዚያ ይቀራል። ጎንና ጎኑን በተጠቀለለ ጨርቅ መሙላት ይህን ያስቀራል።

አሁን ወደ አድራሻ። ፖሊስ ሰፈር ያውቃል ይባላል፣ እውነትም ነው፤ ግን ያወቀው ሰፈር ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። በ2016 ፒያሳ ላይ፣ ዶሮ ማነቂያና ደጃች ውቤን ጨምሮ፣ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ በ2017 ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ደንበኛው ግን ዛሬም «ከድሮው ዳቦ ቤት ዝቅ ብሎ» ይላል። ዳቦ ቤቱ የለም፤ ወደ ታች የሚወስደው ቅያስም ታጥሯል ወይም የኮሪደር መንገድ ሆኗል። የቀድሞውን የሚያስታውስ ሰው እዚህ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ዳቦ ቤቱ የነበረበትን አውቆ፣ ዛሬ የሚታይ ነገር ጠቅሶ መልሶ መጠየቅ ይችላልና። «ከዓድዋ ድል መታሰቢያ በየት በኩል ነዎት? ደረጃው ይታይዎታል?» የሚለው ጥያቄ ከሦስት ስልክ ጥሪ ያድናል። መርካቶ ላይ ደግሞ ተራው ብቻ አይበቃም። ዱባይ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ ከተባለ በኋላ የሕንፃው ስም፣ ፎቁና የሱቁ ቁጥር ካልተገኘ ከመነሣት መቆየት ይሻላል። ሞተር በሰው ጭንቅንቅ መሃል ተገፍቶ የሚገባበት ቦታ ስለሆነ ስህተቱ ሩብ ሰዓት ይበላል።

ርክክቡ የሥራው እምብርት ነው። ዕቃው ከላኪ ሲወሰድ ላኪው ባለበት ይከፈታል፤ ከዚያ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ በፕላስተር ይታሸጋል፣ በማሸጊያው ላይም በከፊል ፕላስተሩን በከፊል ካርቶኑን የያዘ ፊርማ ይደረጋል። ተከፍቶ እንደገና ቢለጠፍ ፊርማው አይገጥምም። ስልክ ከሆነ የመለያ ቁጥሩ ይጻፋል፤ ልብስ ከሆነ ቀለሙና መጠኑ። «የታሸገ ነው፣ አትክፈተው» የሚል ላኪ ካለ ዕቃው አይነሣም። መንገድ ላይ ፍተሻ ቢገጥም በእጁ የተገኘው ሞተረኛው ነው፣ ይህን ለፖሊስ ማስረዳት አያስፈልግም። ተቀባዩ ጋር ሲደረስ ማኅተሙን እሱ ራሱ አይቶ ይከፍታል፣ ስሙንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል። ለጥበቃ ወይም ለጎረቤት መስጠት የሚቻለው ተቀባዩ በስልክ ፈቅዶ፣ ፈቃዱንም በመልእክት ከላከ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ በመተግበሪያቸው ወይም በካርኒ የሚያስደርጉ ድርጅቶች አሉ። «ስጥና ና» የሚሉም አሉ፤ በነሱ ዘንድ የጠፋ ዕቃ ሁሉ ከሞተረኛው ይቆረጣል።

ብር የመሰብሰቡ ነገር ከዚህ ይከተላል። ደንበኛው ያሳየው የስክሪን ፎቶ ክፍያ አይደለም። ከተራ ስልክ ቁጥር የተላከ፣ የባንክ መልእክት የሚመስል ጽሑፍም እንደዚያው። በቴሌብር ከተከፈለ በራስ ስልክ *127# ደውሎ ቀሪ ሂሳብ ማየት፣ በንግድ ባንክ ከተላለፈ ደግሞ በኤፍቲ ፊደሎች የሚጀምረውን የዝውውር ቁጥር ይዞ ማረጋገጥ ነው። ኔትወርክ ከዘገየ ዕቃው ከእጅ አይወጣም። ከሁሉ የሚሻለው ክፍያው በቀጥታ ለሻጩ ገብቶ ሻጩ «ገብቷል፣ ስጠው» ሲል ነው። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ፣ እንበል 12 ጥቅል እያንዳንዱ 3,000 ብር ቢያወጣ፣ ማታ ላይ 36,000 ብር በአንድ ኪስ ይሰበሰባል። ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ገቢ ማድረግ እንዲቻል በውሉ ይጻፍ፤ ማታ ብቻ ነው የሚሉ ድርጅቶች አደጋውን ለሞተረኛው ትተውታል።

ከፖሊስነት ይዘው የሚመጡት የማይጠቅም ነገር ድምፅ ነው። በር ላይ «መታወቂያ!» ብሎ የሚጀምር ሰው ደንበኛ ያሸሻል። «ጤና ይስጥልኝ፣ ዕቃ ይዤልዎት ነበር፤ ስምዎን ከዚህ ጋር ላስተያየው?» ቢባል መታወቂያው ሳይጠየቅ ይወጣል። ሕንፃ ጥበቃ ሲፈትሽና መታወቂያ ሲያስቀምጥ ደግሞ የድሮ ማዕረግ ማንሣት አይገባም፤ ትራፊክ ሲያስቆምም እንዲሁ። በኮሪደሩ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ላይ ሞተር ማቆምም ሆነ መንዳት ያስቀጣል። የቀድሞ ባልደረባን ስም መጥራት ደግሞ ያንን ባልደረባ ያስቸግራል።

የክፍያውን ስሌት የሚያዛባው መጠበቅ ነው። በ12 በሮች 10፣ 10 ደቂቃ ከተቆመ ሁለት ሰዓት ሄደ፤ ያ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ጥቅል ያደርስ ነበር። ጥሩ ውል በር ላይ ከ10 ደቂቃ በላይ ለሚጠበቅበት ጊዜ ይከፍላል፣ ተቀባይ ለሌለበት ጉዞም ግማሽ ይከፍላል። ይህ ሁለቱም የሌለበት የኮሚሽን ውል፣ የጥቅል ዋጋው ምን ያህል ከፍ ቢል፣ አያዋጣም።

ሥራ የሌለባቸው ቀኖችም ከወር ገቢ ላይ ይቀነሱ። መስከረም 16 የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይ፣ ጥር 10 እና 11 ወደ ጃን ሜዳ የሚያመሩት መንገዶች፣ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲሆን ደግሞ ከቦሌ እስከ ሜክሲኮ ይዘጋል፤ በጉባኤው ቀናት ሞተር ጭራሽ የሚከለከልበት ጊዜም አለ። ፖሊስ እነዚህን ቀኖች መንገዱን ዘግቶ ቆሞ ያውቃቸዋል፤ አሁን ግን የቀን ገቢ የሌለባቸው ቀኖች ይሆናሉ።

የሚጀመርበት ወርም ለውጥ ያመጣል። በሰኔ የሚጀምር ሰው ሰፈሩን፣ ሞተሩንና ዝናቡን በአንድ ላይ ሊለምድ ነው፤ የረጠበ የመንገድ ቀለምና የብረት ክዳን ላይ ፍሬን ይዞ የመጀመሪያውን ውድቀት ያገኛል። ጥቅምት ላይ መጀመር ይሻላል። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ክረምቱ እስኪመጣም ስምንት ወር አለ፣ ጥቅሉን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ አፉን ወደ ታች አድርጎ ማስቀመጥም እስከዚያ ልማድ ይሆናል።