የክረምት የእንግሊዝኛ ትምህርት ለዘጠነኛ ክፍል ገቢዎች፦ የአንድ ወላጅ ግምገማ

ልጄ ስምንተኛ ክፍልን እንዳጠናቀቀች፣ መገናኛ አካባቢ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት በሐምሌና በነሐሴ የሚሰጠውን የክረምት የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዝግባ እስከ መጨረሻው ተከታትላለች። ትምህርቱ ሰዋስው፣ ንግግርና ጽሕፈት ተብሎ በሦስት ተከፍሎ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡00 ይሰጣል። ክፍያው በመደበኛው ትምህርት ቤቷ ከምንከፍለው የአንድ ወር ክፍያ ብዙም አይበልጥም። ተመሳሳይ ትምህርት የሚሰጡ ቤቶች በአዲስ አበባ ብዙ ስለሆኑና ወላጅን ይበልጥ የሚጠቅመው የአሠራሩን ጥሩና መጥፎ ማወቅ ስለሆነ፣ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቀስኩም። የጽሕፈቱ ክፍለ ጊዜ ከጠበቅሁት በላይ ነበር፤ የንግግሩም መልካም ነው፤ የማዳመጡና የምዘናው ነገር ግን ሲመዘገቡ ከተነገረን በእጅጉ ያነሰ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለዚህ ዕድሜ ልጆች እንዲህ ያለ ትምህርት የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ ዘጠነኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ታሪኩንም የሚማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቋንቋው የከበደው ልጅ ሁሉም ትምህርት ይከብደዋል። እስከዚያ ድረስ ለዓመታት እንግሊዝኛ የተማሩ ልጆች ግሦችን በሦስት ረድፍ ደርድረው ሸምድደዋል፣ ከአራት አማራጮች ትክክለኛውን ማክበብም ይችላሉ፤ ትናንት ምን ሠርታችሁ እንደዋላችሁ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ ሲባሉ ግን ብዙዎቹ መጀመሪያውን እንኳ ለማግኘት ይቸገራሉ። እኔ ራሴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የተማርኩት በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ ፕላዝማ ወደየክፍሉ በገባበት ጊዜ ነው። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በሥዕልና በሙከራ የበለጸገ ነበር፤ ነገር ግን በቴሌቪዥኑ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ፣ ጥቂት ሰኮንድ ጠብቆ መልሱን ይናገራል፣ እኛም ጥያቄው ገና ሳይገባን ትምህርቱ ጥሎን ያልፋል። ቆይ፣ አልገባኝም ማለት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ለልጄ ትምህርት ቤት ስመርጥ በመጀመሪያ የጠየቅሁትም ልጆቹ በአንድ ጠዋት ምን ያህል እንደሚናገሩና ምን ያህል እንደሚጽፉ ነበር።

የሰዋስው ክፍለ ጊዜ በአመዛኙ የተለመደው ዓይነት ነው፤ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ያስረዳሉ፣ ልጆቹ መልመጃ ይሠራሉ። ከመደበኛው የሚለየው፣ የሚነሡት ነጥቦች በአብዛኛው ልጆቹ በፊተኛው ቀን ከጻፉት የተለቀሙ መሆናቸው ነው። ብዙዎቹ «ዲድ ዩ ዌንት» ብለው ከጠየቁ በማግሥቱ የሚሠራው ይኸው ነው፤ «ዲድ» የኀላፊ ጊዜውን ስለያዘ ተከታዩ ግስ ወደ «ጎ» እንደሚመለስ መምህሩ በጥቂት ምሳሌ ካሳዩ በኋላ፣ እያንዳንዱ ልጅ አጠገቡ ለተቀመጠው ጓደኛው ስለ ትናንት ውሎው ጥያቄ እያቀረበ ይለማመዳል። ልጄ ይህን ሕግ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተምራዋለች፤ በአፏ የገባው ግን በዚህ ክረምት ነው።

ጽሕፈቱን በዝርዝር ላንሣ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ ስለ ጠዋት ውሎዋ የጻፈችው አንቀጽ ሙሉው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ተነሣሁ፣ ታጠብኩ፣ በላሁ፣ ሄድኩ የሚሉትን ሁሉ በ«ኤንድ» አያይዛ እስከ መጨረሻው ወስዳዋለች፤ ፉልስቶፕ የገባውም እዚያ መጨረሻ ላይ ነው። የጽሕፈት መምህርቷ ይህን ሲያዩ ስሕተት ነው ብለው አላለፉትም። በአማርኛ «ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ደብተሬን ይዤ ወጣሁ» ማለት የተስተካከለ ዓረፍተ ነገር መሆኑን፣ ግሦቹ እየተከታተሉ መጥተው በመጨረሻው ማሠሪያ አንቀጽ እንደሚቋጩ፣ እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለውን ሰንሰለት እንደማይሸከም ለልጆቹ አስረድተዋቸዋል። ከዚያም በራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ግስ ሁሉ እንዲያከብቡና ከእያንዳንዱ በኋላ ዓረፍተ ነገሩ ይብቃ ወይስ ይቀጥል የሚለውን ራሳቸው እንዲወስኑ አደረጉ። ልጅ የሚሳሳተው ከገዛ ቋንቋው ሥርዓት ተነሥቶ እንደሆነ የሚያውቅ መምህር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው፤ ልጄም ከዚያ ቀን በኋላ ስሕተቷን መደበቅ ትታለች።

የእርማቱም አሠራር ሊመሰገን ይገባዋል። መምህርቷ ትክክለኛውን ጽፈው አይሰጡም፤ ግሱ ከተበላሸ ከሥሩ ያሰምራሉ፣ ቃል ከጎደለ በቦታው ቀስት ያደርጋሉ፣ ትልቁ ፊደል ከቀረ ቃሉን ያከብባሉ። በፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ የሰው ስም በትንሹ ፊደል መጀመር የልጆቹ ሁሉ ችግር ነበር። «ኤ» እና «ዘ» መግባት ባለባቸው ቦታም ቀስቱ ይበዛል፤ እኛ «ቤቱ» ስንል እርግጠኛነቱን ከቃሉ መጨረሻ ላይ ስለምንጨምር፣ ከስም በፊት ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል ልጆቹ በቀላሉ ይረሳሉ። ደብተሩ ሲመለስ ልጁ ምልክቶቹን እያየ ያንኑ ጽሑፍ በቀኙ ገጽ ላይ እንደገና ይጽፈዋል፣ የመጀመሪያው በግራው ገጽ ሳይነካ ይቆያል። የልጄን ደብተር ያገላበጠ ሰው፣ ከሐምሌ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በግራው ገጽ ላይ ያለው ቀስት እየሳሳ መሄዱን በዓይኑ ማየት ይችላል። የሚጻፉትም ጉዳዮች ከኑሮ የተወሰዱ ነበሩ፤ ለታመመ ጓደኛ የሚላክ መልእክት፣ ከትምህርት የቀሩበትን ምክንያት ለርእሰ መምህር የሚያስረዳ ደብዳቤ፣ የመመዝገቢያ ፎርም፣ በኋላም ከዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ ገጽ አንብቦ በራስ ቃል ማሳጠር። ይህ የመጨረሻው ትምህርት በመስከረም ምን ያህል እንደሚጠቅማቸው የሚያውቁት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

በንግግሩ ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የሐኪምና የታካሚን፣ የባለሱቅና የገዢን፣ ስልክ የሚደውልና የሚያነሣ ሰውን ድርሻ ይለማመዳሉ። ከሁሉ የወደድኩት በክፍል ውስጥ መምህርን ማነጋገርን መለማመዳቸውን ነው፤ እባክዎ ይድገሙልኝ፣ ይህ ቃል ምን ማለት ነው፣ እስከዚህ ገብቶኛል ከዚህ በኋላ ግን አልገባኝም የሚሉትን በእንግሊዝኛ አቀላጥፎ ማለት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ከብዙ የሰዋስው ሕግ ይበልጣል። ልጅ ሲናገር ማንም አያቋርጠውም፤ መምህሩ ስሕተቱን በወረቀት ይዘው ሁሉም ከጨረሱ በኋላ የማንንም ስም ሳይጠሩ ያነሡታል። የሰው ሳቅ ፈርተው አፋቸውን የማይከፍቱ ልጆች ብዙ በመሆናቸው ይህ ደንብ በእርግጥ ጠቅሟል። የድምፅ አወጣጥ ግን በጥድፊያ ታልፏል። መርከብና በግ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ቃላት በእኛ ፊደል ሁለቱም «ሺፕ» ተብለው ስለሚጻፉ፣ የአናባቢው ርዝመትና ጥራት በጆሮና በአፍ ካልተለመደ በጽሑፍ ማብራሪያ አይያዝም፤ ለዚህ የተሰጠው ጊዜ በጣም ጥቂት ነው።

ቅሬታዎቼ ከዚህ ይጀምራሉ። የማዳመጥ ልምምድ ይሰጣል ቢባልም፣ ያለው መሣሪያ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ናት። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው በመሆኑ የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች አንድም ቃል አይሰሙም፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በክረምት መሆኑን የሚያውቅ ትምህርት ቤት ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባ ነበር። ይህን ጉድለት በቤታችን የሸፈንነው ቢቢሲ በነፃ በሚያቀርበው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» በተባለው ዝግጅት ነው። ቢቢሲ እንግሊዝኛን በሬዲዮ ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፤ የዛሬው ዝግጅትም አጭር በመሆኑ ልጆች ሳይሰለቹ ደጋግመው ሊያዳምጡት ይችላሉ፤ ድምፁን አንድ ጊዜ አውርዶ ማስቀመጥ ስለሚቻልም ዳታ አይጨርስም።

የክፍሉ ተማሪ ቁጥርም ሌላው ችግር ነው። ሲመዘገቡ በአንድ ክፍል ከ25 ልጅ አይበልጥም ተብሎ ነበር፤ ሐምሌ ሳያልቅ ግን ዘግይተው የመጡት ተጨምረው ሦስት ሦስት ሆነው መቀመጥ ጀመሩ። በዚህ ምክንያት በየቀኑ ይታረም የነበረው ደብተር አንድ ቀን እየዘለለ መመለስ ጀመረ። የዚህ ትምህርት ዋናው ጥንካሬ እርማቱ በመሆኑ፣ ልጅ በተጨመረ ቁጥር የሚጎዳው እርሱው ነው። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነን ለጽሕፈት ቤቱ ስናመለክት ረዳት መምህር ተመድቧል፤ ክፍሉ ግን አልተከፈለም።

ደረጃ የሚለየው የመግቢያ ፈተናና የማጠቃለያው ፈተና ደግሞ ሁለቱም በምርጫ የሚመለሱ ጥያቄዎች ብቻ ናቸው። በመግቢያው፣ ሕግ በቃሉ የያዘ ልጅ ከፍተኛው ክፍል ገብቶ በንግግር ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በንግግር የተሻለ ሆኖ የሕጎቹን ስያሜ የማያውቅ ደግሞ ታች ይቀራል። በማጠቃለያው፣ ሁለት ወር ሙሉ የጻፈና የተናገረ ልጅ አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይጽፍ፣ አንድ ጥያቄ በቃሉ ሳይመልስ ሰርተፊኬት ይቀበላል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በምርጫ ስለሆነ ልጆቹን ለዚያ ማለማመዳችን ነው የሚለውን መልስ ከጽሕፈት ቤቱ ሰምቻለሁ፤ ለእኔ ግን አያሳምንም። ያ ፈተና ገና አራት ዓመት ይቀረዋል፤ ማስታወሻ መያዝና በክፍል መጠየቅ ግን በመስከረም ይጀምራል።

ፊደል ለይቶ ለማንበብ ለሚቸገር ልጅ ይህ ትምህርት ይፈጥንበታል፤ ለእርሱ በግል የሚያስነብበው ሰው ይሻለዋል። ሕጉን ተምሮ መጻፍና መናገር ለተሳነው ልጅ ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ለመመዝገብ የሚሄድ ወላጅ ያለፈው ክረምት ተማሪ የጻፈበትን ደብተር እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ቀይ ምልክቱንና እንደገና የተጻፈውን ገጽ ካየ በኋላ ይክፈል። በሚቀጥለው ክረምት ተራው የታናሽ ወንድሟ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ የክፍሉን የተማሪ ቁጥር በደረሰኙ ላይ ጽፎ ከፈረመልኝ እዚያው አስመዘግበዋለሁ።